የቱን ጡንቻ ማላሊያ? ከመግቢያው በፊት መውጫውን አስቡ

እኚያ እናት ማገገሚያ ክፍል ከገቡ አሥር ደቂቃ ቢሆናቸው ነው። የመተንፈሻ ቱቦው ወጥቷል። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጣታቸው ላይ የተሰካው ማሽን ኦክስጅናቸው 96 ነው ይላል። «እማማ፣ እስቲ ዐይንዎን ይግለጡ» አልኳቸው። ግንባራቸው ተሸበሸበ፣ ቅንድባቸው ወደ ላይ ተሳበ፣ የዐይናቸው ቆብ ግን ከግማሽ አላለፈም። «እጄን ጨበጥ ያድርጉኝ» አልኩ። አራቱ ጣቶች መዳፌን ነካ አደረጉት። አውራ ጣታቸው ዝም ብሎ ተጋድሟል። ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ ሳረጥብላቸው ያቺ ጠብታ ትን አለቻቸው፤ ሊያስሉ ሞከሩ፣ የወጣው ግን ሳል ሳይሆን ደካማ ትንፋሽ ነበር።

ያኔ ለሙያው አዲስ ነበርኩ። ያደረግኩት ሁሉ ልክ ይመስለኝ ነበር። የሰጠኋቸው ጡንቻ ማላሊያ ቬኩሮኒየም ነው። ሥራው ሲያልቅ ማርከሻውን ኒዮስቲግሚን አስከትያለሁ። ቱቦውን ከማውጣቴ በፊትም ጭንቅላታቸውን ከትራሱ ቀና እንዲያደርጉ ጠይቄ እስከ አምስት ቆጥሬያለሁ። በቃ፣ ተመልሰዋል ብዬ ነው ያወጣሁት። አልተመለሱም ነበር። የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርገን፣ ኦክስጅን እየሰጠን ከጎናቸው ሳንነቃነቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን፣ አለፈላቸው። ማታ ልጠይቃቸው ስሄድ ያሉኝ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ልጄ፣ ሁሉንም እየሰማሁ ነበር እኮ። እጄ ነው እምቢ ያለኝ።»

ከዚያ ወዲህ ጡንቻ ማላሊያ ስመርጥ ከኋላ ነው የምጀምረው። በስንት ሰከንድ ይሠራል ከማለቴ በፊት በምን ይመለሳል፣ መመለሱንስ በምን አውቃለሁ እላለሁ። ከታች አማራጮቹን የማነጻጽረውም በዚሁ ዐይን ነው። ሙያውን እየጀመራችሁ ላላችሁ ነው በዋናነት የምጽፈው፤ ግን ኦፕራሲዮን የሚጠብቃችሁ ሰዎችም ብታነቡት ምን እንደሚመረጥላችሁ ታውቃላችሁ። የምጠቅሳቸው መጠኖች ለጤናማ አዋቂ ሰው የተለመዱት ናቸው። አጠገባችሁ ያለውን ታካሚ አይተኩም።

መጀመሪያ፣ መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?

ነርቭ ጡንቻን በቀጥታ አይነካውም። በመሀላቸው በጣም ጠባብ ክፍተት አለ። መልእክቱ ነርቩ ጫፍ ሲደርስ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ይለቀቃል፣ ክፍተቱን ተሻግሮ ጡንቻው ላይ ካሉት ተቀባዮች ጋር ይገናኛል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። ማላሊያዎቹ የሚሠሩት እዚህች ቦታ ላይ ነው። አብዛኞቹ ተቀባዩ ላይ ቁጭ ብለው ቦታውን ይይዙበታል። ሮኩሮኒየም፣ ቬኩሮኒየም፣ አትራኩሪየም፣ ሲስአትራኩሪየም፣ ፓንኩሮኒየምና ሚቫኩሪየም የዚህ ወገን ናቸው። ሱክሳሜቶኒየም፣ እኛ በአጭሩ ሱክሳ የምንለው፣ ብቻውን በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ተቀባዩን ራሱ ያነሣሣዋል፣ ጡንቻው አንዴ ይርገበገብና ከዚያ መልስ መስጠት ያቆማል።

አንድ ቁጥር ያዙልኝ። ሰውነታችን ትርፍ ተቀባይ አለው፤ ከተቀባዮቹ ከ70 እስከ 75 በመቶ የሚሆኑት እስኪያዙ ድረስ የጡንቻው ምት መቀነስ እንኳን አይጀምርም፣ ከ90 በመቶ በላይ ሲያዙ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ሰው እጁን አንሥቶ ሲያሳያችሁ ከግማሽ በላይ ተቀባዮቹ አሁንም ተይዘው ሊሆን ይችላል። ትንሽ ነገር ከተጨመረበት፣ ለምሳሌ ማግኒዚየም ወይም ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ ያ ሰው ተመልሶ ሊዝል ይችላል።

ሌላው መረሳት የሌለበት ነገር፣ እነዚህ መድኃኒቶች አያስተኙም። ሕመምም አይቀንሱም። ሃሮልድ ግሪፊዝና ኢኒድ ጆንሰን ሞንትሪያል ውስጥ ኩራሬ የተባለውን ማላሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰመመን ላይ ላለ ሰው የሰጡት በጥር 1942 እ.ኤ.አ. ነው። በጊዜው መድኃኒቱ አእምሮንም ያደነዝዛል ብለው የሚያስቡ ሐኪሞች ነበሩ። በ1947 ስኮት ስሚዝ የተባለ ሐኪም ምንም ማስተኛ ሳይወስድ መላ ሰውነቱ እስኪዝል ድረስ በራሱ ላይ አስወጋው። ባልደረቦቹ እየተነፈሱለት ቆየ፣ ሲመለስ የተባለውንና የተደረገውን ሁሉ ነገራቸው። ሙሉ በሙሉ ነቅቶ ነበር። የእኚያ እናት ቃል ሲመጣብኝ አብሮ የሚመጣብኝ ይሄ ነው፤ የዛለ ሰው የተኛ ሰው አይደለም፣ ስለዚህ ጡንቻው እስኪመለስ ድረስ ማስተኛውን ማጥፋት አይገባም።

ጭራሹን አለመስጠትስ?

ይሄም አማራጭ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ይዘለላል። ለአጭር ሥራ፣ ሆድ ወይም ደረት ለማይከፈትበት፣ ሆዱ ባዶ ለሆነ ታካሚ ላሪንጂያል ማስክ፣ ጉሮሮ ላይ የሚያርፈው የአየር መተላለፊያ፣ ማላሊያ ሳያስፈልገው ይቀመጣል። ያልተሰጠ መድኃኒት ደግሞ የሚመለስ ነገር የለውም። ከወገብ በታች ለሆነ ሥራ የጀርባ ማደንዘዣም አለ።

ቱቦ ካስፈለገ ግን ያለ ማላሊያ አስገባለሁ ብሎ መታገሉን አልደግፍም። ይቻላል፣ ጠንከር ያለ ማስተኛና ማስታገሻ ከተሰጠ ይገባል። ነገር ግን ቱቦው በቀላሉ አይገባም፣ ጉሮሮና የድምፅ አውታሮች የመጎዳት ዕድላቸውም ይጨምራል፣ ደም ግፊቱም በበዛው ማስተኛ ምክንያት ይወርዳል። ከማላሊያ ለመሸሽ ብላችሁ ሌላ ጉዳት አትግዙ።

ሱክሳ ወይስ ሮኩሮኒየም?

ጥያቄው የሚመጣው ፍጥነት ሲፈለግ ነው። ታካሚው ምግብ በልቷል፣ ወይም አንጀቱ ተዘግቷል፣ ወይም ድንገተኛ ነው፤ የሆዱ ነገር ወደ ሳንባው እንዳይገባ ከተኛበት ቅጽበት ቱቦው እስኪገባ ያለው ጊዜ ማጠር አለበት።

ሱክሳ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አለ። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም በኪሎ ትሰጣላችሁ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የዐይን ቆቡ፣ ከዚያ ፊቱ፣ ከዚያ ደረቱና እግሩ ሲርገበገብ ታያላችሁ፣ መርገብገቡ ሲቆም ጉሮሮው ክፍት ነው። ደም ውስጥ ያለ ኤንዛይም ስለሚሰባብረው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱ ይለቃል። ማርከሻ የለውም፣ በተለመደው ሁኔታም አያስፈልገውም። ቆንጆ ነው።

ሂሳቡ የሚመጣው ሌላ ቦታ ነው። ጤናማ ሰው ላይ ፖታሲየምን በሊትር 0.5 ሚሊሞል ገደማ ከፍ ያደርጋል፣ ያን ሰውነት ይችለዋል። ከባድ ቃጠሎ ከደረሰበት ቀናት ያለፉት ሰው፣ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ፣ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ሳይንቀሳቀስ የቆየ፣ ወይም የጡንቻ መመንመን በሽታ ያለበት ሰው ላይ ግን ፖታሲየሙ በአንዴ ተተኩሶ ልብ ሊያቆም ይችላል። ሕፃናት ላይ ለዘወትር ሥራ የማይመከረውም በዚህ ነው፤ ልጁ የጡንቻ በሽታ ይኑረው አይኑረው ገና ያልታወቀ ሊሆን ይችላላ። ከዚህ ሌላ በዘር የሚተላለፍ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ የሚባል አለ፣ ሱክሳና የሚተነፈሱት የሰመመን ጋዞች የሚቀሰቅሱት፤ ጡንቻው ይገታተራል፣ ሰውነት ይግላል፣ ማዳኛው ዳንትሮሊን ነው። ቀለል ያለው ችግር ደግሞ በማግስቱና ከዚያ ወዲያ የሚመጣው የሰውነት መቆረጣጠም ነው። አንገት፣ ትከሻ፣ ጀርባ። ታካሚዎች «ተደብድቤ ያደርኩ ይመስለኛል» የሚሉት እሱን ነው።

ሮኩሮኒየም እዚህ ጋ ነው የሚገባው። በ0.6 ሚሊግራም በኪሎ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ሊወስድ ይችላል፤ መጠኑን ወደ 1.2 ስታሳድጉት ግን በደቂቃ ገደማ ሱክሳን ይጠጋዋል። ፍጥነቱ የመጣው ደካማ በመሆኑ ነው፣ ነገሩ ግራ ያጋባል አውቃለሁ። አንድ ማላሊያ ኃይሉ ደከም ያለ ከሆነ ብዙ ሚሊግራም መስጠት ያስፈልጋል፣ ብዙ ሞለኪውል በአንዴ ወደዚያች ክፍተት ይደርሳል፣ ቶሎ ይሠራል። ጠንካሮቹ በጥቂት ሚሊግራም ስለሚበቁ ዘግየት ይላሉ።

ዋጋ የሚያስከፍለው መውጫው ላይ ነው። 0.6 ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል፣ 1.2 ደግሞ ከአንድ ሰዓት ያልፋል። የ15 ደቂቃ ሥራ ከሆነ፣ ሱጋማዴክስ የሚባለው የሮኩሮኒየም ማርከሻም ከሌለ፣ 1.2 ሮኩሮኒየም ሰጥታችሁ ከዚያ ታካሚውን አስተኝታችሁ መጠበቅ ነው። የአለርጂ ድንጋጤም ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል።

የእኔ ምርጫ? ሱጋማዴክስ መሳቢያው ውስጥ ካለ ሮኩሮኒየም። ከሌለ፣ ሥራው አጭር ከሆነና ከላይ የዘረዘርኳቸው አደጋዎች ከሌሉ ሱክሳን ያለ ኀፍረት እመርጣለሁ። አሮጌ መድኃኒት ነው ብሎ መናቁ ልክ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይታለላል። «ቱቦው እምቢ ቢል በሱጋማዴክስ ወዲያው እመልሰዋለሁ» ይባላል። በወረቀት ላይ እውነት ነው፤ 1.2 ሮኩሮኒየም ከተሰጠ በኋላ 16 ሚሊግራም በኪሎ ሱጋማዴክስ ሱክሳ ራሱ ከሚለቀው ፍጥነት ቀድሞ ይመልሳል። ግን አስቡት። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1120 ሚሊግራም ማለት ነው፣ ባለ 200 ሚሊግራሙ ከሆነ ስድስት ብልቃጥ። በዚያ ጭንቀት መሀል ስድስት ብልቃጥ ከፍቶ መቅዳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ቀድቶ ቢሰጥም ጡንቻው ይመለሳል እንጂ ያበጠ ወይም የተዘጋ ጉሮሮ አይከፈትም፣ ማስተኛውም አብሮ አይለቅም። የአየር መንገዱ ዕቅድ ከመድኃኒቱ ተለይቶ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

መካከለኞቹ፦ ቬኩሮኒየም፣ አትራኩሪየም፣ ሲስአትራኩሪየም

ጥድፊያ በሌለበት ሥራ ፍጥነቱ ሁለተኛ ነገር ነው። ሦስቱም ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ውስጥ ለቱቦ ያደርሳሉ። የሚለያዩት ከሰውነት በሚወጡበት መንገድ ነው።

ቬኩሮኒየም በ0.1 ሚሊግራም በኪሎ ከ25 እስከ 40 ደቂቃ ይሠራል። ዱቄት ሆኖ ስለሚመጣ ከመጠቀማችሁ በፊት ትበጠብጡታላችሁ፤ ይሄ ማቀዝቀዣ ለሚቸግርበት ቦታ ትልቅ ጥቅም ነው። ልብና ደም ግፊት ላይ ዝም ያለ ነው። ነገር ግን ጉበትና ኩላሊት ይፈልጋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ደጋግማችሁ ከሰጣችሁ ተረፈ ምርቱም ራሱ ስለሚሠራ ይጠራቀማል። ብርድንም አይወድም፤ የሰውነት ሙቀት በሁለት ዲግሪ ሲወርድ የቬኩሮኒየም ቆይታ በእጥፍ ገደማ እንደሚረዝም ተለክቷል። እኚያ እናት ላይ እንደዚህ ዓይነት ነገር ሳይኖር አልቀረም። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፣ ሆዳቸው ከሁለት ሰዓት በላይ ክፍት ነበር፣ እኔም ሙቀታቸውን አልለካሁም ነበር።

አትራኩሪየም ይሄን ጣጣ በብልሃት ያልፈዋል። ግላስጎው በሚገኘው ስትራዝክላይድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ስቴንሌክ ሲያዘጋጀው ሐሳቡ በሰውነት ሙቀትና አሲድነት ራሱን በራሱ የሚፈርስ ሞለኪውል እንዲሆን ነበር። ሆፍማን የሚባለው አፈራረስ ነው። ኩላሊት ቢሠራም ባይሠራም፣ ጉበት ቢደክምም ይፈርሳል። በ0.5 ሚሊግራም በኪሎ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። ችግሩ በፍጥነት ከገፋችሁት ሂስታሚን ያስለቅቃል፤ ደረት ላይ ቅላት ይወጣል፣ ግፊት ይወርዳል፣ አስም ያለበት ሰው ደረቱ ሊታፈን ይችላል። ቀስ ብላችሁ ስጡት።

ሲስአትራኩሪየም የዚሁ ቤተሰብ ነው፣ አትራኩሪየም ውስጥ ካሉት አሥር ዓይነት ቅርጾች አንዱ ተለይቶ ወጥቶ። በሦስት እጥፍ ገደማ ይጠነክራል፣ ሂስታሚን አያስለቅቅም ማለት ይቻላል፣ በዚያው በሆፍማን መንገድ ይፈርሳል። ጠንካራ ስለሆነ ግን ሲጀምር ይዘገያል፣ ቆይታውም ረዘም ይላል። ኩላሊቱ ለማይሠራ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። ሁለቱም ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው።

የሁለቱ አንድ ትልቅ ጉድለት ሱጋማዴክስ የማይነካቸው መሆኑ ነው። ማርከሻቸው ኒዮስቲግሚን ብቻ ነው።

ስለ ፓንኩሮኒየም ብዙ አልልም። ከሰዓት በላይ ይቆያል፣ በኩላሊት ይወጣል፣ ልብ ያፈጥናል። ሌላ አማራጭ እያለ ሥራ እንዳለቀ ቱቦው ሊወጣለት ለታሰበ ሰው አልመርጠውም። ሚቫኩሪየም አጭር ነው፣ 15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ግን እንደ ሱክሳ በዚያው ኤንዛይም ላይ የተመሠረተ ነው።

ማርከሻው፦ ኒዮስቲግሚን ወይስ ሱጋማዴክስ?

የዚህ ጽሑፍ ልብ እዚህ ነው።

ኒዮስቲግሚን ማላሊያውን አይነካውም። አሴቲልኮሊንን የሚያጠፋውን ኤንዛይም ያስቆማል፣ አሴቲልኮሊኑ ይበዛል፣ ከማላሊያው ጋር በቦታ ይሻማል። እንግዲህ ሽሚያ ነው፤ ማላሊያው በጣም ከበዛ አሴቲልኮሊኑ የቱንም ያህል ቢጨምር አያሸንፍም። ኤንዛይሙ አንዴ ሙሉ በሙሉ ከቆመ ደግሞ ተጨማሪ ኒዮስቲግሚን ምንም አይጨምርም። ጣሪያ አለው። የተለመደው መጠን ከ0.03 እስከ 0.07 ሚሊግራም በኪሎ ነው፣ በጠቅላላ ከ5 ሚሊግራም አይታለፍም። ሙሉ አቅሙ ላይ ለመድረስ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው፤ ስፌቱ እያለቀ መርፌውን እንሰጥና በሦስተኛው ደቂቃ ቱቦውን እናወጣለን።

አሴቲልኮሊን የሚበዛው ጡንቻው ላይ ብቻ ስላልሆነ ልብ ይዘገያል፣ ምራቅ ይበዛል፣ ደረት ይጠብባል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከአትሮፒን ወይም ከግላይኮፒሮሌት ጋር የሚሰጠው። ጡንቻው ሙሉ በሙሉ ከተመለሰ በኋላ ብዙ ከተሰጠ ደግሞ እሱ ራሱ ድካም ሊያመጣ ይችላል። ሱክሳ ላይ ጨርሶ እንዳትሞክሩት፣ የሚሰባብረውን ኤንዛይም ስለሚያስቆም ያረዝመዋል።

ሱጋማዴክስ ሌላ ነገር ነው። ቀለበት መሰል የስኳር ሞለኪውል ነው፣ መሀሉ ክፍት። ሮኩሮኒየሙ እዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፣ አይወጣም፣ አንድ ላይ በኩላሊት ይወገዳሉ። ሽሚያ የለም። ቬኩሮኒየምንም እንዲሁ ይይዛል። አውሮፓ በ2008 ፈቀደችው፤ አሜሪካ የአለርጂው ጉዳይ አሳስቧት እስከ 2015 መጨረሻ ቆየች።

መጠኑ የሚወሰነው በዝለቱ ጥልቀት ነው። ነርቭ ማነቃቂያው (ከታች እመጣበታለሁ) በተከታታይ አራት ጊዜ ሲመታ ጡንቻው ቢያንስ ሁለት ምት ካሳየ 2 ሚሊግራም በኪሎ። ምት ከሌለ፣ ግን ከጠንካራ ማነቃቂያ በኋላ አንድ ሁለት ምት ብልጭ ካለ 4። በ3 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሰውየው ይመለሳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ዐይኔን ማመን ነበር ያቃተኝ። ግን ለመቆጠብ ብላችሁ መጠኑን አትቀንሱ። የሚይዘው አንድ ለአንድ፣ በቁጥር ነው፤ ካነሰ ያልተያዘ ሮኩሮኒየም ይቀራል፣ ታካሚው ማገገሚያ ክፍል ደርሶ ተመልሶ ሊዝል ይችላል።

ጉድለቱስ? ከኒዮስቲግሚን በጣም ይወደዳል፣ ሁሉም ቦታ አይገኝም። አልፎ አልፎ የአለርጂ ድንጋጤ ያመጣል፣ ልብን በጣም የሚያዘገይበትም ጊዜ አለ። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው አምራቹ አይመክረውም። ታካሚው በዚያው ቀን ተመልሶ ኦፕራሲዮን ቢገባ ሮኩሮኒየም እንደ ልብ ላይሠራ ስለሚችል ሲስአትራኩሪየም ይሻላል። ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀረው ደግሞ የእርግዝና መከላከያው ነገር ነው። ሱጋማዴክስ ከፕሮጄስትሮን ዓይነት ሆርሞኖች ጋር ይያያዛል፤ ክኒን የምትወስድ ሴት አንድ ቀን እንደዘለለች ይቆጠራል፣ በክንድ የሚቀበረውን ወይም መርፌውን የምትጠቀም ደግሞ ለ7 ቀን ሆርሞን የሌለው ተጨማሪ መከላከያ ያስፈልጋታል። ተኝታ ስለተሰጣት አታውቅም። ሳትወጣ ንገሯት።

ታዲያ የቱ? ዝለቱ ጥልቅ ከሆነ ሱጋማዴክስ፣ ኒዮስቲግሚን አይችለውም። አራቱም ምቶች ተመልሰው መዳከሙ በዐይንም በእጅም የማይለይ ከሆነ ኒዮስቲግሚን በቂ ነው፣ ጊዜ ስጡት ብቻ። ኒዮስቲግሚን ብቻ ያለበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ይሄ ማለት መጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ ማላሊያ አትጨምሩ ማለት ነው፤ ሐኪሙ «ሆዱ ጠበቀብኝ» ሲላችሁ እጃችሁ መጀመሪያ ወደ ማስተኛው ይሂድ።

መመለሱን በምን እናውቃለን?

ጭንቅላት ቀና ማድረግ፣ እጅ መጨበጥ፣ ምላስ ማውጣት፤ ሁላችንም የተማርነው ይሄንን ነው። አይበቃም። ድያፍራም፣ ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ከሌሎቹ ቀድሞ ይመለሳል፣ የጉሮሮ ጡንቻዎች ግን ወደ ኋላ ይቀራሉ። ስለዚህ በደንብ የሚተነፍስ፣ ጭንቅላቱን አምስት ሰከንድ ያነሣ ሰው ምራቁን መዋጥ ላይችል ይችላል። ያቺ የጥጥ ጠብታ ያስተማረችኝ ይሄንን ነው።

የሚሻለው ነርቭ ማነቃቂያው ነው። የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ኤሌክትሮድ ትለጥፋላችሁ፣ በየግማሽ ሰከንዱ አራት ጊዜ ይመታል፣ አውራ ጣት አራት ጊዜ ወደ መዳፍ ጎንበስ ይላል። ትሬን ኦፍ ፎር ነው ስሙ። ዝለት ካለ አራተኛው ምት ከመጀመሪያው ያንሳል። ጥያቄው በምን ያህል ያንሳል ነው። የሚፈለገው አራተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ 0.9 እንዲሆን ነው። ዐይናችንና ጣታችን ግን ልዩነቱን የሚለዩት ከ0.4 በታች ሲሆን ብቻ ነው። ከ0.4 እስከ 0.9 ያለው ለእኛ ጭለማ ነው፤ አራቱም እኩል ይመስሉናል። እኚያ እናት የነበሩት እዚያ ጭለማ ውስጥ ነው።

ስለዚህ አማራጩ ቢኖራችሁ ቁጥር የሚያሳየውን ማሽን ምረጡ። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ባወጣው መመሪያ የሚመክረውም ይሄንኑ ነው፤ በቁጥር የሚለካ፣ አውራ ጣት ላይ፣ ቱቦ ከመውጣቱ በፊት 0.9። እጅ ከጨርቅ ሥር ስለሆነ ብለን ግንባርና ዐይን አካባቢ ስንለጥፍ የዐይን ዙሪያ ጡንቻዎች ከአውራ ጣት ቀድመው ስለሚመለሱ ተሞኝተን እናወጣለን። ፊት ላይ መለካት ግድ ከሆነ ማላሊያው ከመለቀቁ በፊት ወደ እጅ አዙሩት። ማሽኑንም ማላሊያው ከመሰጠቱ በፊት፣ ታካሚው እንደተኛ፣ ለኩበት።

ቁጥር የሚያሳየው ከሌላችሁስ? አራቱ ምቶች እኩል እስኪመስሉ ጠብቁ፣ ከዚያ ኒዮስቲግሚን ስጡ፣ ሰዓታችሁን አይታችሁ 10 ደቂቃ ቁጠሩ። ማነቃቂያም ጨርሶ ከሌለ በሙሉ ጥንቃቄ አጭሩን ማላሊያ፣ ትንሹን መጠን፣ ረጅሙን ጊዜ ምረጡ፣ ማርከሻውንም አትተዉ። ሳይለካ ሲሠራ ከአምስት ታካሚ አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ ማገገሚያ ክፍል ሲደርስ ከ0.9 በታች ነው።

አንዳንድ ታካሚዎች ላይ ደግሞ ሂሳቡ ሁሉ ይቀየራል። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ያለበት ሰው በጥቂት ሮኩሮኒየም በጣም ይዝላል፣ ሱክሳን ግን ይቋቋማል፤ እንደዚህ ላለ ሰው ከተቻለ ያለ ማላሊያ፣ ካልተቻለ ትንሽ ሮኩሮኒየምና ሱጋማዴክስ። በእርግዝና ደም ግፊት ምክንያት ማግኒዚየም የተሰጣት እናት ላይ ማላሊያው ይረዝማል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሁሉም ነገር ይዘገይባቸዋል። በጣም ወፍራም ሰው ላይ ሮኩሮኒየምን በጠቅላላ ክብደቱ አታስሉ፣ ሱክሳን ግን አዎ።

ኦፕራሲዮን ለሚጠብቃችሁ

መድኃኒቱን እናንተ አትመርጡም። ግን የምትናገሩት ነገር ምርጫውን ይለውጠዋል። ከቤተሰብ ሰመመን ተሰጥቶት ሳይነቃ ብዙ ሰዓት ማሽን ላይ የቆየ፣ ወይም ሰውነቱ ግሎ የሞተ ካለ፣ «ድሮ ነው» ብላችሁ አትተዉት። የጡንቻ በሽታ፣ የኩላሊት ችግር፣ አስም፣ ከዚህ በፊት በመርፌ የመጣ አለርጂ፣ የምትወስዱት የእርግዝና መከላከያ፤ ሁሉንም ንገሩ። «ጡንቻ ማላሊያ ይሰጠኛል ወይ? መመለሴን በምን ታዩታላችሁ?» ብላችሁ መጠየቅም መብታችሁ ነው። ጥሩ ባለሙያ ይሄ ጥያቄ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

ስትነቁ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያችሁ፣ መዋጥ ካቃታችሁ፣ የዐይናችሁ ቆብ ከከበዳችሁ ወይም አየር ያጠራችሁ ከመሰላችሁ በማንኛውም መንገድ አሳውቁ። ድምፅ እምቢ ካለ የአልጋውን ብረት ምቱ። የሰመመኑ ድካም ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም።

በሱክሳ ወይም በሚቫኩሪየም ምክንያት ለሰዓታት ሳትመለሱ ከቆያችሁ ደግሞ ምክንያቱ መድኃኒቱን የሚሰባብረው ኤንዛይም በዘር የጎደላችሁ መሆኑ ሊሆን ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል። የመድኃኒቱን ስም በወረቀት አስጽፉ፣ ለሚቀጥለው ሰመመን ሰጪ አሳዩት። ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁም ይመርመሩ፣ እነሱም ሊኖርባቸው ይችላል።